ሐዘን ሳይወጣ የተቀባው ቤት

ልብስ ሰፊውን መንበሩን የአብዮት ጠባቂዎች ከስፌት መኪናው ላይ ያነሡት በገበያ ቀን ነው፤ ጥር ማብቂያ፣ 1970 ዓ.ም.፣ ቡሬ። አንዱ በአንገትጌው፣ አንዱ በጸጉሩ ይዞ የነቀምቴው መንገድ እስከሚገነጠልበት ጎተቱት፤ እህል ሊሸምት የመጣው ሰው ሁሉ እያየም በጥይት ደበደቡት። ለአብዮቱ ጠላቶች ባንዲራ ሰፍቷል ነው ወንጀሉ። ይስፋ አይስፋ ማን ጠየቀ? ሬሳው ደረቱ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበት እዚያው ዋለ። ያለቀሰ ይከተለዋል ተብሎም በድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሚስቱ እማዋይሽ ከሰው መሐል ቆማ፣ ነጠላዋን ድዷ እስኪደማ ነክሳ አየችው።

እማዋይሽን የቡሬ ሰው የሚያውቃት በእጇ ነበር። ሰርግ የደረሰበት ቤት መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሷ ነው። ግድግዳውን በእበትና በጭድ ጭቃ ትለስናለች፤ ከወንዝ ዳር ቀይ አፈር ቆፍራ፣ ነጭ አፈር በጥብጣ፣ ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ፣ በሦስቱ ቀለም ሐረግ ትስልበታለች። ባሏ ልብስ ሲቀድ የተረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ መጋረጃ ታደርጋለች። ከጣራው የሚረግፈው ጥላሸት ሰው ላይ እንዳይወርድ አቡጀዲ ትወጥራለች፤ በር ላይ ደግሞ በዘይት ጣሳ አሪቲና ጤና አዳም ትተክላለች። ምክሯንም አትነፍግም። ቀዩን ከታች፣ ነጩን ከላይ አድርጉ፣ እግር የሚያቆሽሸው የታችኛውን ነው ትላለች። መስኮት የሌለው ጓዳ ጥቁር አይወድም፤ መጋረጃም ቢሆን ወለሉን ሲነካ እንጂ ከጉልበት ላይ ሲቀር ቤቱን ደሀ ያስመስለዋል።

ባሏ በተገደለ በሳምንቱ ልጇን ፈልገው መጡ። ክንዱ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ወረቀት በትኗል ተብሏል። ቤት አልነበረም። እናቱን አጋድመው ውስጥ እግሯን በጎማ ገረፏት። የአብዮት ጠባቂዎቹ አለቃ ባዬ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ ሲያገባ የሰርግ ቤቱን ያስጌጠችለት እሷው ነበረች። ያን ቀን «እትዬ እማዋይሽ፣ እኔ እኮ እርስዎን ማስቸገር አልወድም» እያለ፣ በአንቱታ እያናገረ፣ በጫማው ተረከዝ ጣቷን ይፈጨው ነበር። ጣቷ ተሰበረ እንጂ አፏ አልተከፈተም።

ልጁ የመጣው እሷ ገና በጉልበቷ እየዳኸች ሳለ ነው። ሌላ የሚያስጠጋው ቤት አልነበረም። እማዋይሽ ጓዳው ውስጥ ከኋላው ግድግዳ አንድ እርምጃ ርቃ ሁለተኛ ግድግዳ ልታቆም ቆረጠች። ጭቃ ደግሞ የሚረገጠው በእግር ነው። በተገሸለጠ እግሯ ረገጠችው፤ ጭዱ ቁስሏ ውስጥ እየገባ ጭቃው ደም ጠጣ። ማገሩን አሰረች፣ መረገች፣ ከግርጌ ሰው ተንፏቆ የሚገባበት ቀዳዳ ተወች፤ ቀዳዳውን በባዶ የእህል ጎታ ሸፈነችው። ክንዱ ገባ።

አሁን ጣጣው ሌላ ሆነ። በጭስ በጠቆረ ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ግድግዳ ያስታውቃል፤ ዕውር እንኳ በእጁ ያገኘዋል። ስለዚህ እማዋይሽ የምታውቀውን አደረገች፤ ቤቱን በሙሉ ለሰነች፣ ቀባች፣ ሐረግ ሳለችበት። አዲሱ ግድግዳ ላይ የባሏን ቁርጥራጭ ጨርቆች የገጣጠመችበትን መጋረጃ ሰቀለች። የታፈነ ሰው ጠረኑ ይወጣል ብላም አሪቲውን ከበር አንሥታ ጓዳ ውስጥ ደረደረችው።

የጠባቂዎቹን ዓይን አስባ የወገኖቿን ዓይን ረሳች። በዚያ አገር ሐዘን ያለበት ቤት ተዝካሩ ሳይወጣ አይለሰንም፣ አይቀባም። እሷ ግን ገና የባሏ አርባ ሳይወጣ፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ ቤቷን እንደ ሙሽራ ቤት አደመቀችው። ጎረቤቷ ያይኔአበባ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን አየች፤ እማዋይሽን አየች።

«አንች፣ ጤና ነሽ? ይኸ ሁሉ ቀለም ለማን ነው?»

እማዋይሽ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ሰው ሊገባኝ ነው።»

ያይኔአበባ መሬቱ ላይ ተፋችና ሄደች። መቼም ሐሜት ባዶ ቦታ አይወድም፤ ባል የሚሆነው ማነው ሲባል፣ በዚያ ወራት ሴት ሳይፈራ የሚጠይቅ ጠመንጃ የያዘ ብቻ ነው ተባለና ስሙ ባዬ ላይ አረፈ። ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። ወሬው ሲደርሰው አልካደም፤ ደስ አለው። እማዋይሽም አልካደችም፤ ባል ሊሆን የሚያስብ ሰው ቤቱን አይፈትሽም ብላ።

ባዬ ቤቱን ሊያይ መጣ። «እትዬ» ቀርቶ «አንች» ሆናለች። ጓዳ ድረስ ዘልቆ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጠ፤ በእሱና በክንዱ ትንፋሽ መካከል አንድ ስንዝር ጭቃ ነበር። የሲጋራውን አመድ አሪቲው ጣሳ ውስጥ እያራገፈ፣ ያን ቀን ስንት ሰው እንደገረፈና ማን ምን ብሎ እንደጮኸ ያወራታል። በመሐል አፍንጫውን ሰበሰበ። ቤቱ ወንድ ወንድ ይሸታል አላት። እማዋይሽ አሪቲ ቀንጥሳ መዳፉ ላይ አሸችለት፤ እሱ ነው ወንዱ አለችው። ሳቀ፤ እጁንም ጭኗ ላይ ጣለ። አላነሣችበትም።

ወሬው ገጠር የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። የመንበሩ ታላቅ ወንድም ላቀው ከቡሬ ወዲያ፣ ወደ ዓባይ በሚያወርደው መንገድ ያለ ገበሬ ነው። ለወንድሙ አላለቀሰም፤ ተከልክሏል። ያላለቀሰው ሁሉ ደረቱ ውስጥ ረግቶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ፋሱን ትከሻው ላይ፣ ሽመሉን በእጁ አድርጎ ገባ፤ በሩ ላይ የቀሩትን የጤና አዳም ጣሳዎች አንድ በአንድ በእግሩ ጨፈላለቀ። አቡጀዲውን ጎትቶ ቀደደው፤ የተጠራቀመው ጥላሸት ሁለቱም ላይ ወረደ።

«የወንድሜ ደም ሳይደርቅ ቀይ ቀለም ቀባሽ» አላት።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጅ ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ የሕዝቡ ጆሮ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አፏን መልሳ ዘጋችው። እግሩ ላይ ስትወድቅ በጫማው ገፈተራት። ጓዳ ገብቶ መጋረጃውን ገነጠለና ሐረጉን በፋስ ይለው ጀመር። በሦስተኛው ምት ጭቃው ተዘርግፎ የቡጢ ያህል ቀዳዳ ተከፈተ።

ከቀዳዳው አንድ ዓይን አየው። የመንበሩ ዓይን ነው፤ ልጅየው አባቱን ቁርጥ ነበር።

ላቀው ፋሱን እንዳነሣ ቀረ። ከደጅ የጫማ ኮቴ ይሮጣል፤ ባዬና ሁለት ጠባቂዎች ጩኸቱን ሰምተው መጥተዋል። ላቀው ፋሱን ጣለ፤ እማዋይሽን በጸጉሯ ብድግ አድርጎ ጀርባዋን ቀዳዳው ላይ ለጠፈው። ሽመሉን አነሣ። እስከዚያ ድረስ የመታት በንዴት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እንባው እየወረደ መታት። ገባት። ከግድግዳው ንቅንቅ አላለችም። ራሷን ስትከላከል የግራ ክንዷ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ አጥንቱ በቆዳዋ ወጣ። የግድግዳውን ቀይ ቀለም በጀርባዋ እያበሰች፣ ቀዳዳውን ደፍና ቆመች። ከኋላዋ ልጇ ጩኸቱን ለማፈን የገዛ ክንዱን ሲነክስ፣ ጥርሱ ሥጋ ሲያገኝ ይሰማታል።

ባዬ ሲገባ ላቀው ከገዳይ ጋር የምትተኛ እያለ ይሰድባት ነበር። ስድቡ ለባዬ ጭምር ነው። በሰደፍ አፉን ሲለው የላቀው የፊት ጥርሶች መሬቱ ላይ ተበተኑ። እየረገጡ ወሰዱት። ማንም ግድግዳውን አላየም።

በእስር ቤት እጅና እግሩን አስረው፣ ዘቅዝቀው ወፌ ላላ ገለበጡት። ባዬ ሊገድለው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን የሙሽሪት ዘመድ መግደል ለሚያገባ ሰው አያምርም ተባለ። ስለዚህ ላቀው ድንጋይ ተሸክሞ፣ በሽማግሌ ፊት፣ እማዋይሽንም ባዬንም ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት።

በዕለቱ ቤቱ ሞላ። እማዋይሽ ክንዷ በቀርከሃ ታስሮ፣ በአንድ እጇ መጋረጃውን ቀዳዳው ላይ መልሳ ሰቅላዋለች። ባዬ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መደቡ ላይ ተሰየመ። ከላቀው ጋር የመጡት፣ እስር ቤት ስንቅ ሲያመላልሱለት የሰነበቱት የገጠር ዘመዶች ጋቢያቸውን ተከናንበው ጓዳው በር ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ አንደኛው ሁለት ጋቢ ደርቦ ነበር። ላቀው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባ። ጥርስ የሌለው አፉ አብጧል።

«በድየሻለሁ፤ ማሪኝ።»

«አያ ላቀው፣ ድንጋዩን ያውርዱ። እኔ ከእርስዎ ምንም የለኝም።»

ሽማግሌው ለምርቃት ተነሡ። ምርቃት ሲወርድ ሁሉም አቀርቅሮ፣ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል፤ ባዬም ቢሆን አቀረቀረ። ምርቃቱ ረዘመ። ጎታው ሲንቀሳቀስ ድምፁን አሜኑ ዋጠው። ራሶች ቀና ሲሉ ከጓዳው በር ላይ የቆሙት ገበሬዎች በአንድ ሰው በዝተው ነበር።

እየተሳሳሙ ተሰናበቱ። እማዋይሽ የጋቢ ክንብንብ ውስጥ ያለችውን የልጇን ግንባር ቀና ብላ ሳታያት አሳለፈቻት፤ ባዬ እያያት ነበርና። ጠላ ልትቀዳለት አጠገቡ ተቀመጠች፤ ፊቱ ወደ ደጅ እንዳይዞር ገላዋን ከበሩ ጋረደች። መቼ እንደምታገባው ጠየቃት። የመንበሩ ተዝካር ይውጣ አለችው።

«ቤትሽን በሐዘን የቀባሽ አንች፣ ዛሬ ተዝካር ትጠብቂያለሽ?»

«የተቀባው ቤቱ ነው፤ እኔ አልተቀባሁም።»

በጥፊ አላት። ዋንጫው ከእጇ ወድቆ ጠላው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ዋንጫ አንሥታ ቀዳች፤ እጁን ደግሞ አነሣባት። አንድ ጆሮዋ ጭው ቢልም ሌላውን ወደ ደጅ አድርጋ የገበሬዎቹን ኮቴ ትሰማ ነበር፤ ቁልቁል ወደ ዓባይ በሚያወርደው መንገድ፣ ሳይሮጡ፣ እየተጫወቱ ይሄዳሉ። ገና አልራቁም። «ይምቱኝ፤ የእርስዎ እጅ ነው» አለችው፤ ዋንጫውን እስኪቀበላትም ድረስ ከበሩ አልተነሣችም።