ዛሬ የተገዛ ድስት

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሜላት ስልኳን ይዛ ወደተቀመጥኩበት መጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። አንዲት ሴት ፓስታ በአትክልት ትሠራለች። ከላይ «በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚደርስ» የሚል ተጽፎበታል። ባለቤቴ ሽፈራው ካረፈ ሰባተኛ ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩሽና መግባት ስለተውኩ፣ ልጆቹ በየተራ እየመጡ ያበስሉልኛል፤ አንዳንዴም እንዲህ በዘዴ ሊያነሳሱኝ ይሞክራሉ።

«እማማ፣ አንቺስ በስንት ደቂቃ ታደርሺዋለሽ?» አለችኝ።

«እንደ ድስቱ ነው» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ያልኩት የምሬን ነበር።

ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ይነግዳል፤ ቤታችንም ከሱቁ ጀርባ ነበር። ክረምት ሲገባ የመርካቶ ጭቃ ከጫማ አልፎ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ነጋዴው ሸራ ይወጥራል፤ ቤታችንም እርጥበት የጠጣ ጥጥ ይሸታል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ አልጠላውም። ሽፈራው ደግሞ ምን አለሽ ተራ ከውዳቂ አሉሚኒየም ድስትና ጭልፋ የሚሠራ ወጣት ነበር። ለአባቴ ያ ሥራ አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ ቀጥቃጭ። እሱ በተወለደበት አገር ለቀጥቃጭ ልጅ አይዳርም። ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሮም ይህችን አልጣላትም።

ሽፈራው ወላጆቹን በልጅነቱ ስላጣ የሚልካቸው ዘመዶች አልነበሩትም። ስለዚህ ሽማግሌ ሆነው የመጡለት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዋናው ሀጂ ሸምሱ ነበሩ፤ ሶማሌ ተራ የቆርቆሮና የብረት ጅምላ ሻጭ፣ ለሽፈራው እንደ አባት የሆኑ ሰው። ሁለተኛው ባሻ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ነበሩ። ሦስተኛው የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ። አባቴ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጥቶ መልሷቸዋል። ሆኖም ለእናቴ «ሀጂ የቆሙለት ልጅ መጥፎ አይሆንም» ማለቱን ሰምቻለሁ። ተስፋዬ ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ነበር።

ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ባሻ ቀኑን ተሳስተው ሁለቱንም ይዘው ረቡዕ መጡ። እናቴ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ደርሳ የምትመለሰው በማግስቱ ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ ሁለት እንጀራ ብቻ ነበር፤ እሱም የደረቀ።

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። አባቴ እንግዳ ባዶ አፉን መሸኘት አይችልም።

«ዛሬ ጾም ነው፤ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት» አለ። «ቤት ያፈራውን እንቅመስና እንነጋገራለን።»

ሀጂ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በልቼ ነው የወጣሁት። ውሃ ይበቃኛል።»

«ትንሽ ይቅመሱ እንጂ።»

«ውሃው ይበቃኛል።»

አባቴ፣ «ሀጂ፣ ማዕዴን የማይቀምስ ሰው ልጄን እንዴት ይጠይቀኛል? ነገ ልጄ እናንተ ዘንድ ስትገባ እንዲህ ልትናቅ ነው?» አለ።

«ኧረ እኔ አለሁ» አሉ ባሻ። «የሀጂን ድርሻ ቢሆን ጨምሬ እበላለሁ።»

ማንም አልሳቀም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አባቴ በሕይወቱ ጓዳ ገብቶ አያውቅም። ምግቡ የጾም ከሆነ እስላምም ክርስቲያንም አብሮ ይበላዋል ብሎ ነው የሚያስበው። ድስቱን አላሰበውም። የእኛ ድስት በየበዓሉ ሥጋ የሚወጠወጥበት ነው፤ ሀጂም የክርስቲያን ሥጋ የገባበትን ድስት አይነኩም። ይህን ፊት ለፊት መናገር ደግሞ የሰው ቤት መንቀፍ ስለሚሆንባቸው «በልቻለሁ» አሉ። ሁለቱም የተከባበሩ መስሏቸው ሊቀያየሙ ነበር። ሀጂ ሳይበሉ ከወጡ አባቴ መልሱን እንደማይሰጥ አውቄዋለሁ።

ከእስላም ጎረቤቶቻችን ድስት መዋስ እችል ነበር። ግን ሽማግሌ መምጣቱን ግቢው ሁሉ ይሰማዋል፤ አባቴ እንቢ ካለ ደግሞ የወሬ መጫወቻ እሆናለሁ። ስለዚህ ነጠላዬን ተከናንቤ በጓሮ በር ወጣሁ።

ምን አለሽ ተራ እስክደርስ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። መዶሻው ከሩቅ ይሰማል። ሽፈራው ሲያየኝ እጁ ላይ የነበረውን ጣለው።

«ወጡ?» አለኝ።

«አልወጡም። አዲስ ድስት ስጠኝ።»

ከጎኑ ምድጃ የሚቀጠቅጠው ጎረቤቱ ቀና አለ። «ሽፌ፣ ሙሽራዋ ጥሎሿን ራሷ ልትወስድ መጣች።»

«ጥሎሽ ቢሆን ክዳን ይኖረው ነበር» አልኩት፤ የተዘረጉት ድስቶች ክዳናቸው ገና አልተሠራም።

ለሽፈራው በሦስት ቃል ነገርኩት። ካሉት ድስቶች ሁሉ ጠርዙ የተስተካከለውን መርጦ ሰጠኝና ልሄድ ስል፣ «በምን ልታማስዪው ነው?» አለኝ። እኔ አላሰብኩበትም። የእኛም ማማሰያ ሥጋ የነካ ነው። አንድ ጭልፋ ጨመረልኝ።

በመመለሻዬ ከጉልት ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ገዛሁ፤ ከአጠገቡ ሱቅ ደግሞ አንድ እሽግ ፓስታ። ድስቱን በአመድና በሎሚ አጠብኩት። ቢላዋው ሥጋ የቆረጠ ስለሆነ ቡታ ጋዙን ለኩሼ እሳት ላይ አገላበጥኩት። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፤ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም ጨመርኩ፤ ካሮቱና ፎሶሊያው በቀጭኑ ተከትፈው ገቡ። ፓስታ ለብቻው ይቀቀላል፤ እኔ ግን ያለኝ ድስት አንድ ነው። ስለዚህ ውሃ ጨመርኩና ፓስታውን ለሁለት እየሰበርኩ እዚያው አትክልቱ ላይ ከተትኩት። እንዲያ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ክዳን ስላልነበረው በትሪ ከደንኩት። ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ሲወፍር ቃሪያ ነሰነስኩበትና አወረድኩት።

ከዚያ ነውር የሆነውን ነገር አደረግሁ። ከቡፌው ወጥተው የማያውቁትን የእንግዳ ሳህኖች ደረደርኩ፤ ምግቡን ግን ጓዳ ውስጥ አላወጣሁትም። ድስቱን እንዳለ ይዤ ሳሎን ገባሁ።

አባቴ ፊቱ ተለወጠ። «ድስት ነው እንዴ እንግዳ ፊት የምታቀርቢው?»

«እንዳይቀዘቅዝ ብዬ ነው፣ አባባ» አልኩት። «ዛሬ የተገዛ ድስት ነው። ጭልፋውም።»

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ስለነበር የሀጂን ፊት አላየሁም። ድምፃቸውን ብቻ ሰማሁ።

«ቢስሚላህ። አምጪ እስቲ፣ ልጄ።»

በሉ። ደግሞም አስጨመሩ። ባሻ አላስቻላቸውም፤ «ሀጂ፣ በልቼ ነው የወጣሁት ብለው አልነበር?» አሉ።

«የልጅቱን ሙያ ሳይ ራበኝ።»

አባቴም ሳህኑን ጨረሰ። ድስቱን ለምን እንደገዛሁ የገባው ይመስለኛል፤ ስለዚያ ግን እስኪሞት አላነሳብኝም። እጁን ታጥቦ ሲመለስ፣ «እንግዲህ ቀን ቁረጡ» አላቸው። እኔ ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነበር። ድስቱን እንደያዝኩ ነው የሰማሁት።

ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ስናገረው ኖሬያለሁ። በበዓል፣ በክርስትና፣ አዲስ ሙሽራ ቤታችን በመጣ ቁጥር። የትዳራችን መሠረት የእኔ ብልሃት እንደሆነ አድርጌ ነበር የምናገረው። ሽፈራውም ሁልጊዜ አብሮኝ ይስቅና «እውነቷን ነው፣ በድስት ነው የተዳርኩት» ይል ነበር።

ሽፈራው የሞተ ሰሞን የሀጂ ልጅ ዘምዘም ለቅሶ መጣች። ሀጂ ካለፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። አጠገቤ ተቀምጣ ያን ቀን አነሳችብኝ። አባቷ ቤት ውስጥ ሲያወሩት የሰማችውን ነው።

«አባዬ እኮ አባትሽ እንደዚያ ሲናገሩ ከቤታችሁ ድስት ለመብላት ቆርጦ ነበር፣ አስካለ» አለችኝ። «ለሽፈራው ስል እበላለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ ብሎ ወስኖ ተቀመጠ። ምግቡ ግን አልመጣ አለ። ልጅቱ አኩርፋ ወጣች እንዴ ብሎ ሠጋ።»

«ሽፈራው ይህን ያውቅ ነበር?» አልኳት።

«አባዬ ከሠርጋችሁ በፊት ነግሮታል።»

ሌሎች ለቀስተኞች ስለገቡ ወሬው በዚያው ቆመ። እኔም አላለቀስኩም። ይህን ታሪክ የተናገርኩባቸውን ዓመታት ወደ ኋላ ቆጠርኩ።

ለሜላት ባለፈው ቅዳሜ ታሪኩን ድሮ በማወራው መንገድ ነገርኳት፤ ሽፈራው እያወቀ ያላረመውን እኔ ላርመው አልፈለግሁም። ተነስተን ፓስታውን አብረን ሠራነው፤ ደቂቃውን እሷ ቆጠረች። ሀጂ እንደሚበሉ አለማወቄ ብዙም አይከነክነኝም። ሽፈራው ግን እውነቱን እያወቀ፣ በየበዓሉ እንደ አዲስ ሰምቶኛል። ስንት ሌላ ነገር እንዲሁ እያወቀ ሰምቶኝ እንደኖረ፣ ከምሳ በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ አስባለሁ።