ፊርደውስ የሣለቻት ጀግና

ፊርደውስ ኩዌት በቤት ሠራተኝነት በሠራችበት ቤት፣ የአሠሪዎቿ ልጅ መደርደሪያ ኮሚክ በሚባለው ታሪክን በሥዕል በሚተርክ መጽሐፍ የተሞላ ነበር። አንድ ቀን አቧራ ስትወለውል አንዱን ገልጣ እያየች ሳለ ልጅቷ ደረሰችባት። ፊርደውስ ደነገጠች። ልጅቷ ግን አልተቆጣችም፤ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ «ሁሉም ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ናት። በአያቴ ልጅነትም ነበረች። ሠዓሊዎቿ ያረጃሉ፤ እሷ አታረጅም» አለቻት በዓረብኛ።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ ፊርደውስ የምታነበው ሥዕሉን ነበር። በጥንቶቹ ላይ ሴትዮዋ ክብ ፊት ያላት፣ ቀሚስ የለበሰች ናት፤ ትበራለች፣ ግን በየጥቂት ገጹ አንዱ በገመድ ያስራታል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወገቧ እየቀጠነ፣ ልብሷ እያጠረ ሄደ። በአዲሶቹ ደግሞ ክንዷ ፈርጥሟል፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አለ። ፊርደውስ ሥራ ስትጨርስ በካርቶን ቁራጭ ላይ ትገለብጣት ጀመር። እጇ የተፍታታው እንዲህ ነው።

ወደ ትውልድ ከተማዋ መካነ ሰላም ከተመለሰች በኋላ የፀጉር ቤትና የጭማቂ ቤት ማስታወቂያ እየሣለች ትተዳደር ነበር። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ይርዳው አስጠርተዋት፣ «የሴቶች ክበብ ግድግዳ ላይ ጠንካራ ሴት ሣይልን» አሏት። ሌላ ማን ይመጣላታል? ያቺኑ በራሪ ሴት ቀይ ቦቲ አጫምታ፣ ጭኗና ክንዷ እንደተራቆተ ሣለቻት።

ወላጆች ለስብሰባ ሲመጡ እትዬ የሻለም የሚባሉ እናት ሥዕሉ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ይቺ ሰው የኛን ብርድ አታውቀውም እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፊርደውስም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ከፋት። እነዚያ ሠዓሊዎች ሴትዮዋን የሣሏት በየዘመናቸው እንደፈለጓት ነበር። ፊርደውስ ግን ሌሎች የፈለጓትን አምጥታ ለጠፈቻት እንጂ የዚህ አገር ልጆች ማንን እንደሚፈልጉ አልጠየቀችም።

በማግስቱ የክበቡን ተማሪዎች ጠየቀቻቸው። «እናንተ ጀግና የምትሏት ማንን ነው?»

ተያዩ። በመጨረሻ ስመኝ የምትባል ተማሪ፣ «እትዬ የሻለምን» አለች። ደላላ ሦስት ልጆች ወደ ዓረብ አገር ለመላክ በሚኒባስ ጭኖ ሲወጣ፣ መንገዱ መሃል ቆመው መኪናውን ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። «እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ» አለች።

ፊርደውስ እትዬ የሻለም ቤት ሄደች።

«አንቺ ልጅ፣ የወረደችው እኮ ስመኝ ብቻ ናት» አሉ። «ሁለቱ ሄዱ። ይሄ ምኑ ጀግንነት ነው?»

«እኔ ግን ልሣልዎት።»

«በስመ አብ! ፊቴን ግድግዳ ላይ? አይሆንም።»

«እሺ፣ ከጀርባ።»

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። «እንግዲያው ጋቢዬን እንዳትረሺ።»

ፊርደውስ በራሪዋን ሴት በኖራ አጠፋቻት። በቦታዋ ጋቢ የለበሰች ሴት ከጀርባ፣ ከፊቷ ሚኒባስ፣ በመስኮቶቹ ውስጥ የሴት ልጆች ፊት ሣለች።

እትዬ የሻለም መጥተው ሲያዩ የራሳቸውን ምስል ብዙም ልብ አላሉት፤ መስኮቶቹ ላይ አተኮሩ። «ይቺ ጥግ ያለችው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ። ያኔ ወደ ኩዌት ስሄድ።»

«ምነው ያን ቀን እዚያ መንገድ ላይ በነበርኩ» አሉ።

ፊርደውስ መሰላሉ ላይ ወጥታ ያልተጠናቀቀውን ሰማይ መቀባት ቀጠለች፤ እትዬ የሻለምም እስክትጨርስ መሰላሉን ይዘውላት ቆሙ።