ሌባ ጣቴን ሳስራት

የግራ እጄ ትንሿ ጣት ሠላሳ ዓመት ያህል ሥራ ፈትታ ኖራለች። ልጅ ሆኜ ቀወት ላይ ማሽላ ስናጭድ፣ አገዳውን ለአባቴ ይዤላቸው ሳለ ማጭዱ አምልጧቸው አገኛት። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቷ ግን ደርቃ ቀረች። አባቴ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ማዕድ ስንቀርብ እንኳ በግራዬ በኩል አይቀመጡም ነበር። ምንም አልሆንኩም እንዳልላቸው ጣቷ ራሷ ትመሰክርብኛለች።

እኔ ሸዋሮቢት ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ክላቹን በሦስት ጣት እየያዝኩ ኑሮዬን ስገፋ፣ አራተኛዋ መኖሯንም ረስቼ ነበር። ያስታወሱኝ በየቀኑ ትምህርት ቤት የማደርሳቸው የሙዚቃ መምህር ናቸው። ጊታር ያስተምሩኝ ብዬ ብለምናቸው፣ ከኋላ መቀመጫ ሆነው «ጣቶችህ ከታዘዙልህ እኔ ምን ቸገረኝ!» አሉኝ።

በሳምንቱ ዘፈን የምጫወት መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን ዘፈን የሚባል ከለከሉኝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከሌባ ጣት ጀምረህ እስከ ትንሿ፣ ክሩን ተራ በተራ ተጫን። ስድስቱንም ክር አዳርሰህ ተመለስ። ቀስ ብለህ!» ይኸው ነው፤ ሌላ የለም። ወደ ማታ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ያዋሱኝን ጊታር ይዤ ግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እላለሁ፤ አራት ላይ ስደርስ ድምፁ ይታፈናል። ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ «ኧረ ይሄ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?» ትለኛለች።

እኔም አቋራጭ አገኘሁ። አራተኛዋን ድምፅ በትንሿ ፈንታ ሌባ ጣቴን ፈጠን አድርጌ በእሷ እነካት ጀመር። ጋሼ በሁለተኛው ቀን ያዙኝ።

«ስሟን ያወጡላት በከንቱ አይደለም! የእህቷን ሥራ ሰረቀች። እሰራት!»

«እንዴት አድርጌ ነው የማስራት፣ ጋሼ?»

«ከተጫነችበት እንዳታነሳት። ሌሎቹ ሲሠሩ እሷ እዚያው ትቆይ።»

«አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባል የለ?»

«ጊታር ላይ እኩል ነው።»

ሌባዋ ከታሰረች በኋላ ለትንሿ የሚደርስላት ጠፋ። እስከ ክንዴ ድረስ አመመኝ። አንዳንድ ቀን ጊታሩን ከዛፉ ግንድ ጋር ላላትመው ይቃጣኝ ነበር። ግን እልኸኛ ነኝ፤ ለአንዲት ጣት ወላሂ አልሸነፍም! ወራት አለፉ። አንድ ቀን አራቱም ድምፆች እኩል ጥርት ብለው ወጡ። አላመንኩም። ብደግመው ያው ነው። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ? ሸዋሮቢት በሙሉ ቢሰማኝ በወደድኩ።

የሰሙኝ አባቴ ነበሩ። ሰላታቸውን ጨርሰው በሩ ላይ ቆመዋል።

«አራተኛዋ ድምፅ… ያቺ ጣት ናት?»

«እሷው ናት፣ አባባ።»

መጥተው በግራዬ በኩል ተቀመጡ።

«እስቲ እሷን ብቻ አሰማኝ።»

አሰማኋቸው። እጄን ይዘው ጣቷን እያገላበጡ አዩዋት፤ «አልሀምዱሊላህ» አሉና እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ።

አሁን ዘፈኑንም ችያለሁ፤ ለሠርግም ይጠሩኛል። አባቴ ግን ለዘፈኑ ግድ የላቸውም። እንግዳ በመጣ ቁጥር በግራዬ በኩል ቁጭ ይሉና «ዘፈኑን ተወው፤ አራተኛዋን አሰማቸው» ይሉኛል።