የሙሐመዲን ብልቃጥ

ሙሐመዲን በየመን ዞሮ ጅዳ ሲገባ የተረፈው ንብረት ኪሱ ውስጥ ያለችው ብልቃጥ ብቻ ነበረች። ገንዘቡን ደላላ፣ ጫማውን ሽፍታ ወስዶበታል፤ ባዶ ብልቃጥ ግን ማን ይዘርፋል? በእነሱ አገር በወሎ ብልቃጥ እንዲሁ የመድኃኒት ጠርሙስ አይደለችም። ጤና ጣቢያው ሽሮፕ የሚቀዳው ከጀሪካን ነበርና፣ መቅጃ ያልያዘ በሽተኛ ነፍሱ አፍንጫው ላይ ብትደርስም "ብልቃጥ ይዘህ ና" ተብሎ ይመለሳል። እናቱ ሲሸኙት ዱዓ አድርገው፣ በሰው አገር ስትታመም መቅጃ እንዳታጣ ብለው ሰጡት።

ጉለይል በሚባለው የጅዳ ሰፈር አብረውት የሚያድሩት የቀን ሠራተኞች "ዶክተር ብልቃጥ" እያሉ ሳቁበት። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ከዚያ ያ የ2006 ዓ.ም. አፈሳ መጣ። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይታደን ጀመር። ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ በኋላ ተከትሎት ጅዳ የመጣው ታናሽ ወንድሙ ጀሚ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ፖሊስ በደጅ ባለፈ ቁጥር ምስኪኑ ሳሉን ለማፈን ትራስ ይነክሳል።

ሙሐመዲን ብልቃጧን አጥቦ፣ ወንድሙን ደግፎ ሂንዳዊያ ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ሄደ። መስኮቱ ላይ በኩራት አስቀመጣት። ጸሐፊው እንደ ሞተ በረሮ በእስክሪብቶ ገፋ አደረጋትና ኢቃማ ጠየቀ። ሙሐመዲን በተሰባበረ ዐረብኛ፣ የታመመው ወንድሜ እንጂ ወረቀቴ አይደለም ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። ኸላስ፣ በቃ ሂድ ተባለ።

እጃችንን እንስጥ፣ አገራችን ስንገባ ማን ኢቃማ ይጠይቀናል አለ ሙሐመዲን። አይ ጊዜ! ሲሸሹት የኖሩት ፖሊስ፣ አሁን ያዘን ሲሉት "ሞልቷል፣ ነገ ኑ" አላቸው። በስንት ልመና ታስረው መካ መንገድ ካለው መጠለያ ሲገቡም፣ መሄዳችሁ አይደል፣ አገራችሁ ታከሙ ተባሉ።

አገራቸው ገቡ። ጤና ጣቢያው ያው ነው፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠውም ያው ጥሩነህ ነው፣ ያለ ብልቃጥ ሰው አላስተናግድ ይል የነበረው። ሙሐመዲን ልቡ ሞልቶ ብልቃጧን አወጣ።

ጥሩነህ ሳቀ። የብልቃጥ ዘመን አልፏል፣ መድኃኒቱ አሁን ታሽጎ ነው የሚመጣው አለ። የሚያስፈልገው የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ነው፤ ከሌለ ደግሞ የሚያውቋቸው ሦስት ምስክሮች።

"እንግዲያው ይቺ ትመስክርልን" አለ ሙሐመዲን። "በገዛ እጅህ የቀዳህባት ናት።"

ጥሩነህ ብልቃጥ ምስክር እንደማትሆን በትሕትና አስረዳ።

ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ጀሚ ወደ ወንድሙ ቀና አለ። "ጋሼ፣ ኢቃማን በአማርኛም ይጠይቃሉ እንዴ?" አለና መልሱን ሳይሰማ ሳሉ አጎነበሰው።