ከጉባኤው ያስቀረሁት ግማሽ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ባለቤቴ ቢሰማ ይፈርድብኛል ብዬ አይደለም፤ ያጽናናኛል ብዬ ነው። ንስሐ አባቴም ጸሎትና ስግደት አዘው ያሰናብቱኛል። እኔ ደግሞ መጽናናትም መሰናበትም አይገባኝም። እናንተ አታውቁኝም። ለእኔ የምታዝኑበት ምክንያት የላችሁም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ።

ሐኪም ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አረጋውያንን በማከምና ስለ እርጅና በማጥናት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የምርምር ተቋም፣ በአራዳ አካባቢ የሚኖሩ አረጋውያን ጤናቸው ተጠብቆ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ምን እንደሚረዳቸው ለማጥናት ተነሳ። የባለሙያዎች አማካሪ ጉባኤም አቋቋመ። ምን እንደሚጠና፣ እንዴት እንደሚጠና፣ በተሳታፊዎቹም ላይ ጉዳት እንዳይደርስ የምንመክረው እኛ ነበርን። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ ሕንፃ እንሰበሰብ ነበር። ሰብሳቢያችን በጡረታ ላይ ያሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ሥራው ሲጀመር በመስክ የምመራው እኔ እንደምሆንም ተነግሮኝ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፤ ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት ይህን በልቤ ይዤ ነው።

ከመካከላችን ምሁር ያልነበሩት ጋሽ በድሩ ብቻ ነበሩ። የአረጋውያን ተወካይ ናቸው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ፒያሳ አድገው፣ ፒያሳ ጫማ ሲሸጡ ያረጁ ሰው። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እያንዳንዳችን የት እንደተማርንና ምን እንዳጠናን ስንናገር ቆየንና ተራው እሳቸው ጋ ደረሰ።

«እኔ በድሩ እባላለሁ» አሉ። «እናንተ እርጅናን ተምራችሁታል። እኔ ገና የሥራ ላይ ልምምድ ላይ ነኝ።»

ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው። መውደዴን የምነግራችሁ ጥፋቴን እንዲያቀልልኝ አይደለም። ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ጥናቱ የአረጋውያኑን ደም ይወስዳል፤ የማስታወስ ችሎታቸውን ይፈትናል፤ በየዓመቱም እየተመለሰ ያያቸዋል። ጋሽ በድሩ የጥናቱን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንዱ ሰውዬ ማስታወስ እየደከመ መሆኑን አገኛችሁ እንበል። ከዚያስ?»

«እንመዘግበዋለን» አልኩ።

«ለሰውዬውስ?»

«ይሄ እኮ ሕክምና አይደለም ጋሽ በድሩ፤ ጥናት ነው።»

«ቤቱ ሲያፈስ አይተሽ፣ ጠብታውን ቆጥረሽ፣ ‹ደህና ይዋሉ› ብለሽ ትወጫለሽ ማለት ነው ዶክተርዬ?»

እዚህም ላይ የሳቁ ነበሩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሽታ የተገኘበት ሰው እንዲነገረውና የሚታከምበት መንገድ አስቀድሞ እንዲዘጋጅ፣ ያ ካልሆነ ግን ደም እንዳይቀዳ አሉ። በጉባኤው ደንብ መሠረት የተሳታፊዎችን ደኅንነት የሚመለከት ውሳኔ ያለ አረጋውያን ተወካይ ስምምነት አያልፍም። እሳቸው የሚሉትን ለማዘጋጀት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ገንዘብ የሚሰጡን ሰዎች ጊዜ አልነበራቸውም። ስብሰባ ተጠራ፣ ሌላ ስብሰባ ተጠራ፤ ጋሽ በድሩ ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። ትክክል ነበሩ። ያን ጊዜም ትክክል መሆናቸውን አውቅ ነበር።

ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አምስት ኪሎ ወዳለችው ክሊኒኬ መጡ። እንደ ወትሮው ከነርሷ ጋር አልቀለዱም። ገብተው በሩን ዘጉት።

«ዶክተርዬ፣ ትላንት ጠፋሁ» አሉኝ። «ማፍጠሪያው ሲቃረብ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሜ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ። ሽቅብ ይሁን ቁልቁል አላውቅም። እኔ! ፒያሳ ያሳደገችኝ!»

አንድ ተራ አስከባሪ ሲንቀጠቀጡና ላብ ሲያጠምቃቸው አይቶ አስቀመጣቸው፤ ለስላሳ ገዝቶም አጠጣቸው። ትንሽ ቆይተው ራሳቸውን አወቁና በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ይህን ሲነግሩኝ ዓይኔን አያዩም ነበር።

«ሐያት እንዳትሰማብኝ» አሉ። ሐያት አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ናት። «ሐያት ከሰማች አለቀልኝ። ከቤት አታስወጣኝም።»

ማንኛውም ሐኪም የሚጠይቀውን ጠየቅሁ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኪኒናቸውን ከንጋት በፊት፣ በሱሑር ሰዓት፣ እንደ ድሮው ሙሉውን ይውጣሉ፤ ከዚያ እስከ ማታ እህልም ውኃም አይቀምሱም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ስኳራቸው ከልክ በታች ወርዶ ነው። ቢሆንም እርግጠኛ ለመሆን መረመርኳቸው፤ የማስታወስ ችሎታቸውንም ፈተንኩ። አእምሯቸው ከእኔ አእምሮ የማያንስ ነበር። የሚከታተላቸው ሐኪም ኪኒኑን እስኪያስተካክልላቸው ድረስም እንዳይጾሙ ነገርኳቸው።

«አእምሮዬ አይደለም?»

«አይደለም ጋሽ በድሩ። ስኳር ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «በይ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር» አሉኝ።

«እዚሁ ይቀራል» አልኳቸው።

ቀረ? አልቀረም።

ለኢድ ዘመድ ሊጠይቁ አገር ቤት ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት ጉባኤው ተሰበሰበ። ፕሮፌሰሩ፣ ጋሽ በድሩ ካልተስማሙ ጥናቱ ሊቀር መሆኑን ነገሩን። ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ እጄን ያወጣሁት። ማለት ይከብደኛል፣ ግን ለእሳቸውም ስለማስብ ነው አልኩ። ጋሽ በድሩ በቅርቡ ከቤታቸው አፍንጫ ሥር ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መንገድ እንደጠፋቸው፣ ይህንንም በራሳቸው አንደበት እንደነገሩኝ ተናገርኩ። በሌሎች አረጋውያን ስም እንዲወስኑ ማድረጉ ተገቢ መሆኑን እንድናስብበት ጠየቅሁ።

ከተናገርኩት ውስጥ አንድም ሐሰት አልነበረም። ስኳር የሚለውን ቃል ግን አላነሳሁም። ረስቼው ነው? አልረሳሁትም። አፌ ላይ ነበር። እኔ ዋጥኩት።

ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ አዘኑ። ስለ እርጅና የምናውቅ ሰዎች ነንና አንዳችንም «ተመርምረዋል ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። ሽማግሌ መንገድ ጠፋበት ሲባል ቀሪውን ሁላችንም የምናውቀው መሰለን። ጋሽ በድሩ ከአገር ቤት ሲመለሱ የምስጋና ደብዳቤ ጠበቃቸው። በምትካቸው የማያስቸግር ሰው ተመረጠ። ጥናቱም እኔ እንደፈለግሁት አለፈ።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ረስቼው እኖር ነበር። ግን ፕሮፌሰሩ የጋሽ በድሩ የቆየ ደንበኛ ናቸው፤ ደግ ሰውም ናቸው። ልጅቱ ማወቅ አለባት ብለው ለሐያት ነገሯት። ሐያት ደወለችልኝ።

«ዶክተር፣ አባቴ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ጠፍቷል ሲሉ ሰማሁ። እሱን ስጠይቀው ‹ስኳር ነው፣ ዶክተሯን ጠይቂያት› አለኝ። እውነቱን ነው? ወይስ እንዳልጨነቅ ብሎ ነው?»

አንድ ቃል ነበር የምትፈልገው። «እውነቱን ነው» ማለት ብቻ። ይህን ብል ግን ሐያት ለፕሮፌሰሩ ትነግራለች፤ ፕሮፌሰሩም ለጉባኤው ለምን ግማሹን ብቻ እንደተናገርኩ ይጠይቁኛል።

«ስኳርም አለባቸው» አልኳት። «ዕድሜያቸው ግን ሄዷል ሐያት። ብትጠነቀቂ አይከፋም።»

«ገባኝ» አለች። «አመሰግናለሁ ዶክተር።»

በጉባኤው ፊት ያደረግሁትን ምኞት አሳወረኝ ልል እችል ይሆናል። በስልክ ላደረግሁት ግን ምን እላለሁ? ያኔ የማገኘው ነገር አልነበረም። የማስተካከያ ዕድል በእጄ ገብቶ ነው የገፋሁት።

ከወራት በኋላ በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ሐያት ጠራችኝና ገባሁ። ባንኮኒው ጋ የቆመችው እሷ ነበረች። ጋሽ በድሩ፣ በር ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን በነገር ሲወጉ የሚውሉት ሰው፣ ከውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለብቻቸው መውጣት እንደቀረ፣ ገንዘብ እንደማይዙ፣ መስጊድም የሚወስዳቸው ሰው እንደተቀጠረ ነገረችኝ። አጠገባቸው ቆማ ነው የምትነግረኝ። ደንበኞችም ቃላቱን እየጎተቱ፣ ለሕፃን እንደሚናገሩት ያናግሯቸው ነበር። እሳቸውም «ስኳር ነበር» ማለቱን ትተውታል። ሽማግሌ በካደ ቁጥር ሰው ይበልጥ እንደሚያዝንለት ገብቷቸዋል።

ሐያት የምታሳየኝን ጫማ ልታመጣ ወደ ጓዳ ስትገባ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ የነገርኩሽ ለሐኪም ነበር» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቀልድም አልነበረባቸውም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ሐያት ስትመለስ ጤንነታቸውን ጠይቄ ወጣሁ።

ጥናቱን መራሁ። ማስታወሳቸው የደከመ እናቶችና አባቶች አገኘሁ፤ መዘገብኳቸው፤ ሳልነግራቸው ወጣሁ። በየስብሰባው መድረክ ላይ ቆሜም ሽማግሌን ከቤት አታስቀምጡት፣ ሥራውን አትቀሙት፣ ሐሳቡን ጠይቁት ብዬ ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። ይህን ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ጋሽ በድሩ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ቤት መዋል ሰውነታቸውን አሰረው፤ በኋላ ሳንባቸው ታመመ። እኔ ገደልኳቸው አልልም፤ እንዲህ ማለት ራስን ማጋነን ይሆናል። የመጨረሻ ዘመናቸውን ግን እኔ ወስጄባቸዋለሁ።

ለቅሶ ደረስኩ። ሐያት እጄን ይዛ ለዘመዶቿ አስተዋወቀችኝ። «አባቴ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይቀር ያደረጉልኝ እሳቸው ናቸው» አለቻቸው። ሴቶቹ መረቁኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ፤ «አሜን» አልኩ።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ጋሽ በድሩ ነበሩ፤ ልለምናቸው የምችልበትን ቀን ጫማ እያየሁ አሳልፌዋለሁ። ሐያትም ይቅር ልትለኝ አይገባትም፤ ብትፈልግ እንኳ አስቀድማ የሆነውን ማወቅ አለባት። ፊት ለፊት የምነግራት ድፍረት አላገኘሁም። ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ብታነበው ማን እንደጻፈው ታውቃለች።

ሐያት፣ ያን ቀን ስትደውይልኝ አውቅ ነበር። አባትሽ እውነቱን ነው የነገረሽ። ስኳር ነበር።