ተገልብጦ የተነበበው መዝሙር
በየረቡዑ፣ በዚህ በፈረንጅ አገር ከምኖርበት ሰፈር ከሃውገንስቱዋ ተነስቼ ወደ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እዚያ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ቫፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ይጋገራል፤ ከዚያ አማርኛ የምንችለው ተሰብስበን መጽሐፍ ቅዱስ እናጠናለን። ትናንት መጽሐፍ አነሰና ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት ኤርትራዊቷ ወይዘሮ ለተብርሃን የሳቸውን በመካከላችን ዘረጉ። ለእኔ ተገልብጦ ነበር። ደስ አለኝ!

ልጅ ሳለሁ ጅማ ውስጥ ጋሽ ቶሎሳ የሚባሉ ሽማግሌ በአንድ መዝሙረ ዳዊት ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ከጎናቸው ሲኮለኮሉ ለእኔ የተረፈኝ ቦታ ከፊት ለፊት ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ በዓይኔ ለቅሜ ተማርኩ። ጎበዝ ነበርኩ።

በጉባኤ ፊት ማንበብ አማረኝና አንድ እሑድ «እኔ ላንብብ!» አልኩ። መጽሐፉን ሲሰጡኝ አንዲት ፊደል እንኳ መለየት አቃተኝ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ላብ አጠመቀኝ። ድንገት ገለበጥኩትና መዝሙሩን አንበለበልኩት።

ጋሽ ቶሎሳ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንተ ጉደኛ! ማንም ባላሳየህ በር ገባህ፤ እንግዲህ ማን ያስወጣሃል?» አሉኝ።

ትናንት ወይዘሮ ለተብርሃን «ጋሼ፣ ተገልብጦብዎታል እኮ፤ ላዙርልዎ?» አሉኝ።

«እንዳይነኩት!» አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ቫፍሉ ቀዘቀዘ፤ ከወንበሩ የተነሳ ሰው ግን አልነበረም።