ካርዱን ጠምዶ ማየት

በ2004 ዓ.ም. አምቦ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ፣ የተማሪዎችን ውጤት የያዘውን ሰርቨር የምትጠብቀው ለንሳ ሰው ማመን ካቆመች ዓመት ሆኗት ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲስኮቹን በአንድነት የሚያስተዳድረው፣ በሻጭ ቃል ብቻ ታምኖ የተገዛው ካርድ ተቃጥሎ፣ የሦስት ዓመት ውጤት ከወረቀት እንደገና ሲጻፍ አራት ወር ፈጀ። ወረቀታቸው ያልተገኘ ሁለት ተመራቂዎች ግን እስካሁን ያለ ማስረጃ ቀርተዋል። አሁን አዲስ ካርድ ሊገዛ ነው፤ «ብቁ ነው» ብላ የምትፈርመውም እርሷ ናት።

ካርዱን ከአዲስ አበባ ያመጣው ነጋዴ ሌታ አፈ ቅቤ ነበር፤ የተረቱን ቀሪ ለንሳ በልቧ ጨረሰችው። ስለ ጥራቱ ሳትጠይቀው ማለ፤ ዋስትናውን ሳታነሳበት አነሳ። የካርቶኑን ማሸጊያ በጣቷ ስትዳብሰው አንዱ ጠርዝ ሁለት ጊዜ የተለጠፈ መሰላት፤ ወዲያው ደግሞ «ምን አውቄ» ብላ ራሷን ተጠራጠረች። አባቷ በካቺሲ ገበያ የከብት ነጋዴ ናቸው። የበሬ ጥርስ ማየት አይበቃቸውም፤ ጠምደው አንድ ትልም ካላሳረሱ ዋጋ አይጠሩም። እርሷም ካርዱ ተከፍቶ፣ በሥራ ላይ እንዳለ መብራት ተቋርጦበት እንዲፈተን ጠየቀች።

ይህ ለግዥ ኃላፊው ለኦቦ ቦጂያ አልተዋጠላቸውም። በኮሌጁ ልማድ ማሸጊያውን የኮሌጁ ሰው ከቀደደው ዕቃውን እንደ ተረከቡት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር እንደታሸገ ተፈርሞለት መጋዘን ይገባል።

«ልጄ፣ ልትጠቅሚው የፈለግሽው ሌላ አቅራቢ አለሽ እንዴ?» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የለንሳ ፊት ጋለ። «የለኝም፣ ኦቦ። አቶ ሌታ በገዛ እጃቸው ይክፈቱት፤ እኛ አልነካነውም።»

«እህቴ፣ አንቺ ወጥ እንኳ ሳታስቀምሺ የምትበዪ አይመስለኝም» አለና ሌታ እየሳቀ ቀደደው።

ካርዱ ተገጠመ። የሙከራ ስሞች እየተጻፉ አንዱን ዲስክ ብትነቅለው ሥራው አልቆመም፤ ኦቦ ቦጂያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀጥላ የሰርቨሩን ገመድ ከሶኬት መዘዘች። ሩብ ሰዓት ቆይታ ስትመልሰው በመጨረሻ የተጻፉት መቶ ያህል ስሞች የሉም። ወደ ዲስክ ያልወረደውን ጽሑፍ መብራት ሲጠፋ ይዞ ማቆየት የነበረበት የካርዱ ባትሪ ነው፤ አውጥታ ስታየው ሆዱ አብጧል፤ የተሠራበትም ዘመን አምስት ዓመት አልፎታል።

የሌታ ሳቅ ጠፋ። ባትሪውን ደጋግሞ አገላበጠው። «እኔም አዲስ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት» አለ። እውነቱን ይሁን አይሁን፣ ለንሳ ከፊቱ ልታነብ አልቻለችም።

በቅጹ ላይ «መብራት ሲጠፋ የያዘውን ይጥላል፤ ብቁ አይደለም» ብላ ፈረመች። ኦቦ ቦጂያ ሁለት ጊዜ አነበቡትና ከስሟ ሥር ፈረሙ። ሌታ ካርዱን የሸጠለትን ሰው ሊሞግትበት ወረቀቱን ለመናት። ለንሳ ጥቂት አሰበች፤ ዋናውን በመሳቢያዋ ቆልፋ ቅጂውን ሰጠችው።